እማዬ ስልኩን ሳመችው፤ ምን ልበላት?

የጎላ ልጅ (አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የቤቴን ጉዳይ ነው ይዤ የመጣሁት። ግን የብዙዎቻችሁም ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ከኔ ጋር ትኖራለች። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ጠዋት ስገባ ጸሎቷን እየጨረሰች ነው የማገኛት። መስኮቱ አጠገብ የጸሎት ቦታ አላት። መሀል ላይ ምስለ ፍቅር ወልዳ፣ በቀኝ ቅዱስ ሚካኤል፣ በግራ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ዝቅ ብሎ አቡነ ተክለ ሃይማኖት። ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ውዳሴ ማርያሟ አለ። ጧፍ የምታበራው ለበዓል ብቻ ነው፤ የጭስ ማንቂያው ይጮህባታል።

ባለፈው ሳምንት ስገባ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ግንባሯን አስነካችው። ከዚያ ሳመችው፤ ልክ የቄስ መስቀል እንደምትሳለም።

«ምንድነው እማዬ?» አልኳት። አሳየችኝ። ከማኅበር እህቶቿ በቫይበር የመጣ ሥዕል ነው። ትራምፕ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፍኗል። ጌታችን ከኋላው ቆሞ እጁን ትከሻው ላይ አሳርፏል። የወርቅ ብርሃን የሰውየው ፊት ላይ ያበራል። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሠራው እንደሆነ ወዲያው ያስታውቃል። የጌታን እጅ አጉልቼ አየሁት። የችንካሩ ምልክት የለም።

ምንም አላልኳትም። ደክሞኝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የጎረቤታችንን ልጅ በወረቀት እንዲያትምላት አድርጋ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ለጥፋዋለች።

«ጥይት ጆሮውን ጨርፋ ያለፈችው በከንቱ ነው?» አለችኝ። ጁላይ 2024 ፔንሲልቬንያ በትለር ላይ የተተኮሰበትን ማለቷ ነው። እሱም በማግስቱ «ሊሆን የማይገባውን የከለከለው እግዚአብሔር ብቻ ነው» የሚል ነገር በራሱ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ትሩዝ ሶሻል ላይ ጽፎ ነበር። መቼም ከሞት የተረፈ ሰው ፈጣሪውን ቢያመሰግን ማንም አይቆጣም። ከዚያ በኋላ ግን ሥዕሎቹ ጎረፉ። የእናቴ የቫይበር ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር።

የሚገርማችሁ፣ ይቺው እማዬ ሜይ 2025 ላይ በጣም አዝና ነበር። የካቶሊኩ አባት ፖፕ ፍራንሲስ ያረፉት በፋሲካ ማግስት ነው። ገና ተቀብረው ሳምንት ሲሆናቸው ትራምፕ ራሱን የጳጳስ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ አክሊል ደፍቶ፣ የወርቅ መስቀል አንጠልጥሎ የሚያሳይ የኤአይ ሥዕል ለጠፈ። ዋይት ሐውስም አጋራው። እማዬ ካቶሊክ አይደለችም። ግን «ሐዘን ቤት ውስጥ? ለቅሶ ሳይወጣ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ያንን የተጠየፈች ሴት ይሄኛውን ሳመች። ለምን?

ሌላም አለ። ታናሽ ወንድሜ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ጁላይ 2025 ላይ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ዲኤችኤስ የሚሉት፣ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። ሄሊኮፕተር፣ መሣሪያ የታጠቁ የድንበር ጠባቂዎች፣ ከዚያ የኢሳይያስ 6፥8 ቃል፦ «እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ»። ወንድሜ ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያየው። ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ ልክ አልነበረም። «ይቺን ጥቅስ እኮ ሰንበት ትምህርት ቤት እያለሁ በቃሌ ይዤያት ነበር» አለኝ። «አሁን ስሰማት እኔን ሊይዙ የሚመጡት ሰዎች ጥቅስ ሆናለች።»

እና ምን ልበላት? ልቅደደው? ልተወው? ስለ ሥዕል የምታውቁ፣ እናቶቻችሁም እንዲህ ያደረጉባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ፖለቲካ መሰዳደብ ግን አልፈልግም።

ማታ ሺፍት (ዲሲ)

እህቴ፣ እናትሽን እንዳትጫኚያቸው። ያየሁትን ግን ልንገርሽ።

ጁን 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዋይት ሐውስ ብዙም የማይርቅ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ኮቪድ ስለሆነ መኪና የለም። ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ እጅ ከተገደለ ልክ ሳምንቱ ነው፤ ከተማው በሰልፍ ተሞልቷል። የሕንፃው መስታወት ሁሉ በኮምፔንሳቶ ተሸፍኗል። ከተማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታውጆበታል። ሰዓት እላፊው ሊገባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ጩኸት ሰማሁና ወደ በሩ ወጣሁ። ፖሊስ ሰልፈኛውን በጭስ እየበተነ ነው፤ ሰዉ ወደኛ ይሮጣል። አንዲት ወጣት ልጅ ዐይኗን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የውሃ ኮዳዬን ሰጠኋት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክዳኑን እኔ ነበርኩ የከፈትኩላት። የኔንም ጉሮሮ ከነከነኝ።

ትንሽ ቆይቶ ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ፊት ያለውን ላፋዬት አደባባይን በእግሩ አቋርጦ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመ። ከ1816 ጀምሮ ያለች ቤት ናት፤ «የፕሬዚዳንቶቹ ቤተ ክርስቲያን» ይሏታል። በዋዜማው ሌሊት ምድር ቤቷ ላይ እሳት ተነስቶ ነበር። እዚያ ቆሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍ አድርጎ ያዘ። ጋዜጠኛ «የራስዎ መጽሐፍ ቅዱስ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «መጽሐፍ ቅዱስ ነው» አለ፣ በቃ። አልከፈተውም። አንድ ቁጥር አላነበበም። አልጸለየም። ፎቶ ተነስቶ ሄደ።

ሌሊት ቤቴ ገብቼ ዋይት ሐውስ ትዊተር ላይ የለቀቀውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው ሲራመድ፣ መጽሐፉን ሲያነሳ፣ ከስሩ የድል ሙዚቃ። ያቺ ልጅ የለችም። ሩጫው የለም። እኔ ዐይኔን እያሸሁ ነው የማየው፤ ቪዲዮው ግን እንደ በዓል ነው የሚታየው። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ፎቶው የተነሳው እዚያ ለነበርነው አልነበረም። ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ለሚያየው ሰው ነው። እንደ እናትሽ ላለ ቅን ሰው።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን የበላይ ጳጳስ ማሪያን ባዲ ናቸው። ማንም እንዳላማከራቸው በግልጽ ተናገሩ፤ ተቆጡም። ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ላይ ለሰልፈኛው ውሃ ሲያድሉ የነበሩ የዚያው ቤተ እምነት ቄስም ከግቢው እንደተባረሩ ተናግረዋል። አብሮ ተራምዶ የነበረው የጦር ኃይሎቹ አለቃ ጄኔራል ማርክ ሚሊም ከ10 ቀን በኋላ «እዚያ መገኘት አልነበረብኝም» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

እኚሁ ጳጳስ ናቸው ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ካቴድራሉ ውስጥ ትራምፕ ፊት ቆመው ስለ ስደተኞች ምሕረት የለመኑት። እህል የሚለቅሙትን፣ ቢሮ የሚያጸዱትን፣ ሳህን የሚያጥቡትን፣ ሆስፒታል የማታ ሺፍት የሚሠሩትን እየጠሩ። እኔም አንቺም አለንበት እኮ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ በማግስቱ ትሩዝ ሶሻል ላይ «ጳጳስ ተብዬ» ብሎ ሰደባቸው። ይቅርታ ይጠይቁ አለ።

እውነቱን እንነጋገር (ዳላስ)

እኔ በሰውየው አምኜ የመረጥኩ ነኝ። ጴንጤ ነኝ። ስለ ፅንስ ማስወረድ ካለኝ እምነት የተነሳ ነው የመረጥኩት፤ አላፍርበትም። መሰዳደብ ስላልፈለግሽ አመሰግንሻለሁ፤ እኔም በዚያው ልክ ልናገር።

አንደኛ፣ ላፋዬት ላይ የሆነው ሁሉ ለፎቶ ተብሎ ነው የሚለው እንደዚያ ቀላል አይደለም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት የፓርኩ ፖሊስ ሰዉን ያስነሳው አጥር ለመትከል እንጂ ፕሬዚዳንቱ እንዲያልፍ ብሎ እንዳልሆነ ገልጿል። ይሄም መነገር አለበት።

ሁለተኛ፣ መሪ በጭንቅ ቀን የእግዚአብሔርን ስም ቢጠራ ምን ክፋት አለው? የእኛዎቹ አልጠሩም? ምኒልክ ለአድዋ ክተት ሲል «ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» ብሎ አይደለም የማለው? የጊዮርጊስ ታቦት አልዘመተም? የአድዋን ሥዕል እዩት። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከሰማይ ሆኖ ከማን ወገን ነው የሚዋጋው? ያ ሥዕል ግድግዳችሁ ላይ ካለ የእናትሽን ወረቀት ለመኮነን ችኩል አትሁኚ። የነገሥታቱ ማኅተም ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይላል። የይሁዳ አንበሳ ማነው? ራእይ 5፥5ን አንብቡ። ክርስቶስ ነው።

ያሳዘነኝ ነገር ግን አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ማርች 2024፣ በፈረንጆቹ ሕማማት ሳምንት፣ መጽሐፍ ቅዱስ በ59.99 ዶላር ግዙ ብሎ ቪዲዮ ለቀቀ። ውስጡ ሕገ መንግሥቱና የነጻነት አዋጁ አብረው ተጠርዘዋል። ብዙ ክስ በላዩ ላይ በነበረበት ወቅት ነው። የእግዚአብሔር ቃልና የሰው አዋጅ በአንድ ጥራዝ። ያን ቀን ፓስተሬን «ይሄስ?» አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ዝምታቸው እስካሁን ይከብደኛል።

ቆሎ ተማሪ (ሲያትል)

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። በልጅነቴ ጎጃም ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ሥዕልም ከአንድ መሪጌታ ስር ሆኜ ትንሽ ተምሬያለሁ። ቀለም ፈጭቻለሁ ብል ይቀላል።

መሪጌታዬ ሥዕል ስናይ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቁን ነበር። «ማን ተቀምጧል? ማን ቆሟል?» በእኛ ወግ ጌታ ይቀመጣል፣ አሽከር ይቆማል። በጌታው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። አሁን ያንን የእናትሽን ወረቀት እዪው። ትራምፕ ተቀምጧል። ጌታ ከኋላው ቆሟል። ብርሃኑ ያረፈው የተቀመጠው ላይ ነው። በድሮ ሠዓሊ ዐይን ካየሽው ባለቤቱ ማን ነው? ክርስቶስ እዚያ ሥዕል ውስጥ አጃቢ ሆኗል። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ስለሚመስል ግን ይሄ ቶሎ አይታይም። የጳጳሱን ልብስ ሁሉም ሰው ያየዋል። ይሄኛው ትሑት መስሎ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ነው እናትሽን ያለፋቸው።

ኦክቶበር 2023 ላይም ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክሱ ሲጀመር ጌታን ተከሳሹ አጠገብ ያስቀመጠ ሥዕል አጋርቶ ነበር። ጠበቃ መሆኑ ነው። ጠበቃ አለን፣ እውነት ነው፤ ዮሐንስ በመልእክቱ ጽፎታል። ግን የተጻፈው ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ከሚለው ቀጥሎ ነው። ሥዕሉ ያንን ዘሎታል።

አሁን ወደ ዳላሱ ወንድሜ። የአንበሳውን ነገር በማንሳትህ ተደስቻለሁ፤ እውነት ነውና። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ማለት «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ» ነው። ስለ ክርስቶስ የተነገረ ዐረፍተ ነገር ነው። ከንጉሡ ስም በላይ ሲጻፍ፣ ሲጻፍ ኖሮ የንጉሡ ማዕረግ መሰለ። ማንም አዋጅ አላወጀም። ቦታው ብቻ ቀስ እያለ ተንሸራተተ። አሁን በስልክ የሚሆነው ያው ነው፤ ያ ብዙ ዘመን የፈጀው አሁን በአንድ ሌሊት ያልቃል። የኛ ነገሥታት ስላደረጉት ንጹሕ ይሆናል አልልም።

ግን ሌላም መንገድ ነበረን። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ሄደህ ታውቃለህ? እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። እኔ በጀልባ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው፤ ውስጡ ጨለም ያለ ነበር፣ ቄሱ መስኮቱን ሲከፍቱልን ቀለሙ ፈነዳ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእግሯ ስር አንዲት ሴት መሬት ላይ በሆዷ ተዘርግታለች። ልብሷ ያማረ ነው። እቴጌዋ ናቸው። አገሪቱን የሚያስተዳድሩ ሴትዮ። ከተቀመጠችው ድንግል አንጻር ትንሽ ሆነው፣ ተደፍተው። ያም ፖለቲካ ነው ካልከኝ እቀበላለሁ። ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ራስን ማሣል ክብርን ማሳየት ነው። ግን ራሳቸውን የት አስቀመጡ? ወለሉ ላይ።

ስለ ኢሳይያስ ጥቅስ ደግሞ ለወንድምሽ ይሄን ንገሪው። «እነሆኝ» የሚለው ቁጥር 8 ነው። ከሦስት ቁጥር በፊት ነቢዩ ምን አለ? «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው በመሆኔ… ወዮልኝ»። ከዚያ ሱራፌል ፍሙን በጉጠት ከመሠዊያው ይዞ አፉን አስነካው። ከተቃጠለ በኋላ ነው «እኔን ላከኝ» ያለው። በየቅዳሴው «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» የምንለውም ከዚያው ምዕራፍ ነው። ቪዲዮው ወዮታውን ቆርጦ፣ ፍሙን ቆርጦ፣ «እኔን ላከኝ» የሚለውን ብቻ ወሰደ። ጥቅሱ አሁንም የወንድምሽ ነው። ማንም አልወሰደበትም።

ወረቀቱን ግን አትቅደጂው። የጌታ ሥዕል አለበት። እናትሽም ፊት እንዲህ አይደረግም።

የሺ ከበርሊን

ትራምፕ ላይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ልጨምር። አብራኝ የምትሠራ ዩክሬናዊት አለች። በኤፕሪል 2022 ፋሲካቸው ዕለት የፕሬዚዳንታቸውን የዘለንስኪን ቪዲዮ አሳየችኝ። ኪየቭ ቅድስት ሶፊያ ካቴድራል ውስጥ ቆሟል። ኪየቭ አጠገብ ባለችው ቡቻ በጦርነቱ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ከተገኘ ወር አልሞላም። እሱ አይሁዳዊ ነው፤ ግን ለሕዝቡ ይለምናል። ከበላዩ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራች እመቤታችን አለች፤ 6 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ትጸልያለች። «የማትፈርሰው ግንብ» ይሏታል። እሱ ከስሯ ጉንዳን ያህላል። የሥራ ባልደረባዬ እያየች አማተበች፤ እኔም አብሬ አማተብኩ።

በ2024 ፋሲካ ደግሞ «እግዚአብሔር ትከሻው ላይ የዩክሬን ባንዲራ አለ» የሚል ነገር ተናገረ። ያቺው ልጅ አነበበችልኝና ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወንድሟ ግንባር ላይ ነው ያለው። «ሲለምን ነበር የሚያጽናናኝ» አለችኝ። ቆሎ ተማሪ የጻፍከውን ሳነብ ትዝ አለኝ። ያኔ ስር ነበር የቆመው፤ አሁን እግዚአብሔርን ዩኒፎርም አለበሰው።

እውነቱን እንነጋገር (ዳላስ)

ቆሎ ተማሪ፣ የናርጋውን አላውቅም ነበር። ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት። ስለ መራጭነቴ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ስልኬ ውስጥ አንድ ሥዕል ነበር፤ ከተኩሱ በኋላ የመጣ። ለልጆቼ ያሳየሁት ነው። እንደገና ከፍቼ ማን ተቀምጧል፣ ማን ቆሟል ብዬ አየሁት። ከዚያም ያን ቀን በትለር ላይ የሞተው ሰው ትዝ አለኝ፤ የእሳት አደጋ አለቃ የነበረ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በሰውነቱ ሸፍኖ የሞተው። ለእሱ ማንም እንዲህ ያለ ሥዕል አልላከልኝም። ጌታ ትከሻው ላይ እጁን ያላሳረፈበት ይመስል። ያ በጣም ከበደኝ። አጠፋሁት።

የጎላ ልጅ (አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት እረፍት ነበረኝ። ቡና ላይ፣ ሁለተኛው ሲደርስ፣ አነሳሁባት።

ስለ ትራምፕ አልተናገርኩም። የናርጋን ሥዕል በስልኬ አሳየኋት። እማዬ ጎንደር ተወልዳ ስላደገች የምንትዋብን ስም ስትሰማ ገና ፊቷ ፈካ። ቁስቋምን በልጅነቷ ተሳልማለች። «እቴጌዋን እዚህ ፈልጊያቸው» አልኳት። መነጽሯን አደረገች። ላይ ላዩን ፈለገች፣ አጣቻቸው። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደ። ስታገኛቸው «ውይ እናቴ» አለች። ቆየት ብላ «ተደፍተው!»

ከዚያ ራሷ ተነስታ ወደ ጸሎት ቦታዋ ሄደች። ወረቀቱን ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ቆመች። «የጌታን እጅ እዪ» አልኳት። አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። «ችንካሩስ?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። «ቶማስ የዳሰሰው እጅ አይደለም ይሄ።»

ሥዕሉን መሳሟ ግን እኔ የመሰለኝ ምክንያት አልነበረም። ያኔ ነው የነገረችኝ። «እኔ እኮ ሰውየውን አልሳምኩም» አለች። «ጌታ እጁን ካሳረፈበት ልቡ ይራራ ይሆናል ብዬ ነው። ለልጄ።» የወንድሜን ነገር ማለቷ ነው። ቀጠሮው እንደቀረበ ደብቀናት ነበር። ለካ ታውቃለች። ስንንሾካሾክ ትሰማናለች። ለሳምንታት ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። እኔ ፖለቲካ ገባባት ብዬ ስጨነቅ እሷ ልጇን እየለመነች ነበር።

ለወንድሜም ደወልን፤ ስፒከር ላይ አደረግኩት። የኢሳይያስን ምዕራፍ ከቁጥር 1 ጀምሬ አነበብኩለት። ወዮልኝ የሚለው ጋ ስደርስ እሱ በቃሉ ቀጠለልኝ።

ወረቀቱን አልቀደደችውም። አራት ቦታ አጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ውስጥ የምትጸልይላቸው ሰዎች ስም ያለበት ከደብተር የተቀደደ ቅጠል አላት። ከላይ የወንድሜ የክርስትና ስም ነው። ከስሩ የታመሙት፣ የታሰሩት፣ በባሕር የጠፋው የጎረቤታችን ልጅ። እርሳስ ሰጠችኝ። የሷ እጅ ይንቀጠቀጣል።

«ጻፊልኝ» አለችኝ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሰውየው።»

እነሱ እንደኛ ለብቻው የክርስትና ስም እንደማያወጡ ነገርኳት። «ታዲያ ሲያጠምቁት ማን ብለው ጠሩት?» አለች። ዶናልድ ብዬ ከመጨረሻው ስም ስር ጻፍኩላት። ቅጠሉን ተቀብላኝ አንዴ በጣቷ ተከትላ አነበበችውና ሦስተኛውን ልትቀዳ ተቀመጠች።